ስቴፈን ኪንግ የሚያስፈራን እንዴት ነው? ዘዴውን በራሳችሁ ታሪክ ላይ የምትሞክሩበት መመሪያ

አሜሪካዊውን የአስፈሪ ልብ ወለድ ደራሲ ስቴፈን ኪንግን ያላነበበ ሰው ስለ መጽሐፎቹ ሲያስብ የሚመጣለት ጭራቅ፣ ደምና መቃብር ነው። ያነበበው ሰው የሚያስታውሰው ግን ሌላ ነው። በገንዘብ ጉዳይ ሆድ የተባባሱ ባልና ሚስት። መጠጥ አቁሞ፣ አሁንም በየደቂቃው ከንፈሩን በእጁ የሚጠርግ አባት። ዛሬ ነገ ሲባል ጋራዥ ሳይገባ የቀረ መኪና። ጭራቁ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የሚያስፈራንም የመጣባቸውን ሰዎች ቀድመን ስላወቅናቸው ነው።

ይህ መመሪያ የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። መጀመሪያ ሰው፣ ቀጥሎ የሰውየው ችግር፣ ፍርሃቱ መጨረሻ። ኪንግ የመጀመሪያ ልብ ወለዱን «ኬሪ»ን ካሳተመበት ከ1974 ወዲህ ከ60 በላይ ልብ ወለዶች አውጥቷል። ሁሉም እኩል ጥሩ ናቸው አልልም። ጥሩዎቹ ግን ይህን ቅደም ተከተል አይስቱም።

ደረጃዎቹን ለማሳየት አንዲት ትንሽ ታሪክ ፈጥሬያለሁ። በእሷ ቦታ የራሳችሁን እያስገባችሁ ተከተሉኝ። አንድ ማሳሰቢያ፦ የአንዳንድ መጽሐፎቹን መጨረሻ እናገራለሁ። ያላነበባችሁ ቅር እንዳይላችሁ።

1. ከጭራቁ በፊት እውነተኛውን ፍርሃት ፈልጉ

«ምን ዓይነት መንፈስ ልፍጠር?» ብላችሁ አትነሱ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ሰው እንቅልፍ አጥቶ የሚያስበው፣ ለማንም ግን የማይናገረው ምንድን ነው?» የሚለው ነው።

ኪንግ በ1970ዎቹ መጨረሻ በሜይን ግዛት፣ ኦሪንግተን በምትባል ከተማ ከመንገድ ዳር ቤት ተከራይቶ ይኖር ነበር። በመንገዱ ከባድ የጭነት መኪኖች ይከንፋሉ። የሴት ልጁን ድመት መኪና ገጨባት። ትንሹ ወንድ ልጁም አንድ ቀን ወደዚያው መንገድ ሲሮጥ ለጥቂት ተረፈ። በ1983 የታተመው «ፔት ሴማተሪ» የተወለደው ከዚህ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ የሞቱ ይነሳሉ። ማንም ወላጅ ግን መጽሐፉን የሚዘጋው ሙታን ስለሚነሱ አይደለም። «ልጄ ቢሞትብኝስ? መልሼ የማገኝበት መንገድ ቢኖር ምን አደርግ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ነው የሚያስጨንቀው።

በ1977 የወጣው «ዘ ሻይኒንግ»ም ላይ ላዩን መናፍስት የሰፈሩበት ሆቴል ታሪክ ነው። ውስጡ ግን የገዛ ልጁን እንዳይጎዳ ራሱን የሚፈራ ጠጪ አባት አለ። ኪንግ በኋላ እንደጻፈው፣ ያን ጊዜ እሱ ራሱ የመጠጥ ሱሰኛ ነበር። ስለ ራሱ እየጻፈ መሆኑን እንኳ አላስተዋለም።

በእኛ ታሪክ ፍርሃቱ ይህ ይሁን፦ የታመመች እናቱን ለብቻው የሚያስታምም ሰው አለ። ይወዳታል። ግን ደክሞታል። አንዳንድ ሌሊት «ምነው ባለቀ» የሚል ሐሳብ ሽው ይልበታል። ስንት አስታማሚ ይህን ሐሳብ አስቦ አፍሮበታል! እስካሁን መንፈስ አላስገባንም። ታሪኩ ግን ከወዲሁ ደስ አይልም። ጥሩ ምልክት ነው።

2. በሴራ ፋንታ አንድ ሁኔታ ያዙ

ኪንግ በ2000 ባሳተመው የአጻጻፍ መጽሐፉ፣ ሴራ (የታሪኩን ድርጊቶች ሰንሰለት) ቀድሞ መንደፍ እንደማይወድ በግልጽ ይናገራል። እሱ የሚይዘው አንድ ሁኔታ ነው። ሰዎቹን እዚያ ውስጥ ያስገባና እንዴት እንደሚወጡ ይከታተላል። «ሚዘሪ» ወደ ለንደን ሲበር አውሮፕላን ላይ ካየው ሕልም ነው የመጣው። ሁኔታው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፦ እግሩ የተሰበረ ደራሲ «ያንተ ቀንደኛ አድናቂ ነኝ» የምትል ሴት ቤት ታግቶ ቢገኝስ?

እናንተም በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት፤ «ቢ…ስ» ብሎ የሚያልቅ ጥያቄ ይሁን። የእኛ፦ መናገር የተሳናት እናት ልጇን የምትጠራበት ቃጭል፣ እሷ ከተቀበረች በኋላ ቢደውልስ?

እዚህ ላይ ከኪንግ ትንሽ እለያለሁ። መጨረሻውን ሳያውቁ መጻፍ ለእሱ ይሠራለታል። ከመጽሐፎቹ ደካማው ክፍል ብዙ ጊዜ መጨረሻው የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። አጭር ልብ ወለድ የምትጽፉ ከሆነ ቢያንስ የመጨረሻውን ትዕይንት በጭላንጭል እወቁት።

3. ሰውየውን አስወድዱን፣ ቅዱስ ግን አታድርጉት

ብዙ ጀማሪ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። «አንድ ደግ ሰው ነበር» ይላል፤ በሁለተኛው ገጽ መንፈስ ይመጣበታል። አንባቢው ለምን ይጨነቅ? ሰውየውን አያውቀውም።

ለዋናው ገጸ ባህሪ ሦስት ነገር ስጡት። አንድ፣ አሁን፣ በዚህ ሳምንት የሚፈልገው ነገር። ትልቅ ሕልም አያስፈልግም። ሁለት፣ የሚያፍርበት ነገር። ሦስት፣ ማንም የማያስተውላት ትንሽ ልማድ። የ«ዘ ሻይኒንግ»ን አባት ተመልከቱት። የሚፈልገው ሥራውን ጠብቆ ድራማውን ጽፎ መጨረስ ነው። የሚያፍርበት ሰክሮ የልጁን ክንድ መስበሩ ነው። ልማዱ ከንፈሩን መጥረግ። ሆቴሉ ሊሰብረው ሲነሳ የሚገባው በእነዚህ ስንጥቆች ነው። ከውጭ የተጫነ ምንም የለም።

የእኛ ሰውዬ በዚህ ሳምንት የሚፈልገው አንድ ሌሊት ሙሉ መተኛት ነው። ልማዱ እናቱ መድኃኒት የወሰደችበትን ሰዓት ትንሽ ደብተር ላይ መጻፍ። በየሰዓቱ፣ በንጹሕ ጽሕፈት፣ ከሥሩ እያሰመረ። የሚያፍርበትስ? አንድ ሌሊት ቃጭሉን ሰምቶ እንዳልሰማ ተኝቷል። ጠዋት እናቱ ሞታ አገኛት። ለእህቱ «እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር» አላት። እህቱም አቅፋው አለቀሰች።

አሁን ያ ቃጭል ሲደውል እንፈራለን። ለምን እንደሚደውልም እንጠረጥራለን።

ክፉውንም በዚሁ መንገድ ሥሩት። የ«ሚዘሪ»ዋ አኒ ዊልክስ የምታስፈራው በመጥረቢያዋ ብቻ አይደለም። ስድብ አትወድም። ደራሲው አዲስ መጽሐፉ ውስጥ ስድብ ስላበዛ ትቆጣለች፤ ራሷ ስትናደድ እንኳ የምትጠቀመው የሕፃን ቃላት ነው። ሥነ ሥርዓት ያላት ሴት ናት። እብደቷን የሚያሳየን ይህ ጨዋነቷ ነው። በ«ኩጆ» ደግሞ ኪንግ የእብድ ውሻ በሽታ ወደያዘው ውሻ ጭንቅላት ያስገባናል። ውሻው ጥሩ ውሻ መሆን ብቻ ነበር የሚፈልገው። ካነበብኩት ሁሉ ያንጀቴን የበላው እሱ ነው።

4. ዝርዝሩ ትንሽ ይሁን፣ ግን የተመረጠ

ኪንግ በአጻጻፍ መጽሐፉ ውስጥ አንድ ምሳሌ ይሰጣል። ቀይ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፤ ላዩ ላይ የእንስሳ ጎጆ፤ ውስጡ ነጭ ጥንቸል፤ ጀርባዋ ላይ በሰማያዊ ቀለም 8 ቁጥር ተጽፏል። ጎጆው ከምን እንደተሠራ አልተነገረም። የቀዩ ዓይነትም አልተነገረም። ሁላችንም የየራሳችንን ጠረጴዛ አይተናል። 8 ቁጥሯን ግን ማንም አይስታትም። የማይጠበቀው ዝርዝር እሷ ናትና።

አንድ ክፍል ስትገልጹ ሁለት ተራ ነገር፣ አንድ ያልተለመደ ነገር ስጡ። ሌላውን ለአንባቢው ተዉለት። የእናትየው ክፍል፦ የተጣጠፈ ብርድ ልብስ፣ የውሃ ብርጭቆ፤ ቃጭሉ መያዣው ላይ እጇ እንዳያዳልጣት ሰውየው የጠመጠመው ሰማያዊ ክር። በቃ።

ተራዎቹን ነገሮች አትናቋቸው። ኪንግ የሳሙናውንና የመድኃኒቱን የንግድ ስም ሳይቀር የሚጠራው ለጌጥ አይደለም። አንባቢው መታጠቢያ ቤቱን ካመነ፣ ገንዳው ውስጥ የተኛችውን ሬሳም ያምናል።

5. ንግርን ተማሩ

ንግር ማለት ወደፊት የሚሆነውን አስቀድሞ መጠቆም ነው። ለእኔ የኪንግ ትልቁ ብልሃት ይህ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ቆየት እንበል።

ብዙ ሰው ማስፈራት ማለት መደበቅ ይመስለዋል። አንባቢው ምንም ሳያውቅ ድንገት ዱብ ማድረግ። ኪንግ ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን ያደርጋል። ቀድሞ ይነግረናል።

«ፔት ሴማተሪ» ውስጥ አባትየው ከትንሹ ልጁ ጋር ካይት የሚያበሩበት ምዕራፍ አለ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ልጁ ይስቃል። አባቱ በሕይወቱ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። እዚያ መሃል ላይ ተራኪው፣ ድምፁን ሳይለውጥ፣ ሕፃኑ ለመኖር የቀረው ከሁለት ወር ያነሰ እንደሆነ ይነግረንና ወደ ካይቱ ይመለሳል።

ይህን ያነበበ ሰው ከዚያ በኋላ የልጁን ሳቅ እንደ ድሮው አይሰማውም። እያንዳንዱ ጥሩ ቀን የቆጠራ ቀን ይሆንበታል። አደጋው ድንገት ቢደርስ ኖሮ አንድ ገጽ ያስደነግጠን ነበር። ቀድሞ ስለተነገረን ግን ብዙ ገጽ ሙሉ ልባችን ተሰቅሎ ይቆያል። ልብ ሰቀላ የሚመጣው ካለማወቅ ብቻ አይደለም። አውቆ ምንም ማድረግ ካለመቻልም ይመጣል።

«ኬሪ» ይህንኑ በሌላ መንገድ ይሠራዋል። በታሪኩ መሃል የጋዜጣ ዜና፣ የአጣሪ ኮሚሽን ቃል፣ ከመጽሐፍ የተቀነጨበ ጽሑፍ ይገባል። አብዛኞቹ የተጻፉት ከአደጋው በኋላ ነው። ስለዚህ ልጅቷ ወደ ትምህርት ቤቱ ጭፈራ የምትለብሰውን ቀሚስ ስትሰፋ፣ ያ ሌሊት እንዴት እንደሚያልቅ እኛ እናውቃለን። እሷ አታውቅም። ያን ቀሚስ ስትሰፋ ማየት ያማል።

ሦስተኛው ዓይነት ንግር ዕቃ ነው። በ«ዘ ሻይኒንግ» መጀመሪያ ላይ ለአባትየው አንድ አሮጌ ቦይለር (የሆቴሉን ማሞቂያ) ያሳዩታል። ግፊቱ ቀስ እያለ ይጨምራል፤ በየቀኑ ካልቀነሱለት ይፈነዳል። ተራ የሥራ ገለጻ ይመስላል። አንባቢው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጆሮው ምድር ቤት ነው። ቦይለሩ መጽሐፉን ሙሉ ይጠብቃል። መጨረሻ ላይ ሆቴሉን ይዞት ይሄዳል።

በእኛ ታሪክ እንዲህ እንሞክረው። ሰውየውና እናቱ በቃጭል ይግባባሉ። አንድ ጊዜ ከደወለች ውሃ፣ ሁለት ጊዜ «ገልብጠኝ»፣ ሦስት ጊዜ ሽንት ቤት። ይህን በመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ በሚያስቅ ትዕይንት ውስጥ እናስገባው። እናት ቆጠራው ተምታቶባት በውሃ ፈንታ መጸዳጃ ይመጣላታል፤ ሁለቱም ይስቃሉ። ከዚያ ተራኪው፦ «ቅዳሜ ዕለት ፀጉሯን አጠበላት። የመጨረሻው ነበር።» ይህን ብሎ ወደ ፀጉሯ ይመለስ፤ ማብራሪያ አይጨምር።

ከቀብሩ በኋላ ቃጭሉ ሲደውል ስንት ጊዜ መደወል አለበት? አራት። ለአራት ትርጉም አልተስማሙም ነበር። አንባቢው ቆጠራውን ስለሚያውቅ «መንፈስ መጣ» ብላችሁ መጻፍ አይጠበቅባችሁም።

መጠኑን ግን ጠብቁ። በየምዕራፉ «ምን እንደሚመጣበት አላወቀም ነበር» የሚል ተራኪ ያሰለቻል። ለአጭር ታሪክ አንድ ግልጽ ንግርና አንድ ዕቃ ይበቃል።

6. ሦስቱን እርከኖች ለዩ

ኪንግ በ1981 ባወጣው «ዳንስ ማካብር» በተባለው ሥራው ፍርሃትን ለሦስት ይከፍለዋል። ከላይ ያለው ገና ያልታየው ነገር የሚፈጥረው ሽብር ነው። ቀጥሎ የታየው ነገር የሚፈጥረው ድንጋጤ። ታች ያለው የሚያስጸይፈው፣ ሆድ የሚገለብጠው። መጀመሪያ ለማሸበር እሞክራለሁ፤ ካልሆነልኝ አስደነግጣለሁ፤ እሱም ካልሆነ አስጸይፋለሁ፣ አልኮራበትም ይላል። ደስ የሚል ግልጽነት ነው።

ሦስቱንም ትጠቀማላችሁ፤ ቅደም ተከተሉን ግን አትገልብጡ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ አራት ጊዜ የደወለው ቃጭል ሽብር ነው። በሩን ከፍቶ ባዶው ፍራሽ ሰው እንደተኛበት ጎድጉዶ ሲያየው ድንጋጤ ነው። የጎደጎደው ቦታ ላይ አንሶላው እርጥብ ሆኖ፣ የእናቱ የጀርባ ቁስል ይሸት የነበረውን ሲሸት ሦስተኛው ነው። ሽታው ቀድሞ ቢመጣ ኖሮ አንባቢው አፍንጫውን ይዞ ያልፈው ነበር።

7. ሐሳቡ ዓረፍተ ነገሩን ሰብሮ ይግባ

ይህ አጭር ነው። ኪንግ አንዳንዴ የገጸ ባህሪውን የታፈነ ሐሳብ በቅንፍ አድርጎ፣ በዓረፍተ ነገሩ መሃል፣ ለብቻው መስመር ላይ ያስገባዋል፦

አንሶላውን አጠፈ፣ ትራሱን
(ሰምተህ ነበር)
አስተካከለ፣ መብራቱን አጠፋና ወጣ።

«ጥፋተኝነት ተሰማው» ከማለት ይህ ይሻላል። ሰውየው ሐሳቡን ሊያባርረው ሲሞክር እናያለንና። በአንድ ታሪክ ከሁለትና ሦስት ጊዜ በላይ አትጠቀሙበት፤ ቶሎ ጨዋታ ይመስላል።

8. በሩን ክፈቱት

አንድ የቆየ ክርክር አለ። ከተዘጋ በር ጀርባ የሚቧጭር ነገር ሁልጊዜ ከተከፈተው በር ይበልጥ ያስፈራል። ሲከፈት ትልቅ ተባይ ቢወጣ፣ አንባቢው ይጮህና ወዲያው «እፎይ፣ ከዚህ የባሰ መስሎኝ ነበር» ይላል። ኪንግ ክርክሩን ይቀበላል። ግን በሩን ፈጽሞ አለመክፈት አቻ ለመውጣት መጫወት ነው ባይ ነው። እሱ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም ይከፍታል።

እኔም ከእሱ ጋር ነኝ፤ በአንድ ቅድመ ሁኔታ። በሩ ሲከፈት የሚታየው ነገር በደረጃ 1 ላይ ያገኛችሁትን ፍርሃት መንካት አለበት። የመልኩ ማስቀየም ብቻውን በቂ አይደለም። የእኛ ሰውዬ ክፍሉ ሲገባ ነጭ ለብሳ የቆመች እናት ቢያይ፣ ይህን ሺህ ጊዜ አይተነዋል። ይልቅ ማንም አይኑር። አልጋው ላይ የመድኃኒቱ ደብተር ተከፍቶ ይገኝ። በመጨረሻው ገጽ፣ ከእሱ ንጹሕ መስመሮች በታች፣ በሚንቀጠቀጥ የእናቱ ጽሕፈት፦

«8፡40 ደወልኩ። 8፡55 ደወልኩ። 9፡10 ደወልኩ። ነቅተህ ነበር።»

ጭራቁ ታየ። ሰውየው በሐሰት የሸፈናት ያቺ ሌሊት ናት። ደብተሩ በደረጃ 3 ላይ ተራ ልማድ ሆኖ ባይገባ ኖሮ ይህ ትዕይንት አይሠራም ነበር። ስለዚህ መክፈቻውን ከጻፋችሁ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ዕቃዎቹን ቀድማችሁ ማስቀመጣችሁን አረጋግጡ። ካላስቀመጣችሁ አሁን አስገቡ። አንባቢ ቅደም ተከተላችሁን አያውቅባችሁም።

9. ጻፉ፣ ሸሽጉት፣ ቀንሱት

የመጀመሪያውን ረቂቅ በር ዘግታችሁ ጻፉ። ለማንም አታሳዩ፤ ወደ ኋላ እየሄዳችሁም አታርሙ። ኪንግ በአጻጻፍ መጽሐፉ በቀን 2,000 ቃል ያህል እንደሚጽፍ ይናገራል። እናንተ 300 ብትጽፉም ግድ የለም፤ ዋናው ሳይቋረጥ መቀጠሉ ነው። ሲያስጠላችሁም አትቅደዱት። የ«ኬሪ»ን የመጀመሪያ ገጾች ኪንግ ጨምድዶ ጥሏቸው ነበር። ከቆሻሻ ቅርጫት አውጥታ ቀጥል ያለችው ባለቤቱ ታቢታ ናት።

ሲያልቅ መሳቢያ ውስጥ ክተቱት። ኪንግ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ይላል። ለአጭር ታሪክ ሁለት ሳምንትም ይበቃል ባይ ነኝ። ከዚያ እንደ ሰው ጽሑፍ አንብቡት። ሁለተኛው ረቂቅ ከመጀመሪያው 10 በመቶ ማጠር አለበት፤ ይህን ቀመር ኪንግ ወጣት ሳለ አንድ አርታኢ ከመለሰለት ጽሑፍ ጋር ነው የላከለት። (ከ1,000 ገጽ በላይ የሆኑ መጽሐፎች ያሉት ሰው ይህን ሲመክር ፈገግ ማለት ይፈቀዳል።)

ምን ይቆረጥ? መጀመሪያ «በፍርሃት»፣ «በድንጋጤ»፣ «በአስፈሪ ሁኔታ» የሚሉት። ኪንግ ተውሳከ ግስን አጥብቆ ይጠላል፤ በአስፈሪ ታሪክ ውስጥ ደግሞ ጉዳታቸው እጥፍ ነው። «በፍርሃት ወደ በሩ ተመለከተ» ካላችሁ የአንባቢውን ሥራ ወስዳችሁበታል። «በሩን ተመለከተ። ማታ ዘግቶት ነበር» በቂ ነው። ቀጥሎ ከጩኸቱ በኋላ የሚመጣ ማብራሪያ ይውጣ። መንፈሱ ከየት እንደመጣ፣ ሕጉ ምን እንደሆነ፣ ለምን አሁን እንደመጣ። ቃጭሉ ለምን እንደደወለ የሚያስረዳ ሽማግሌ በታሪካችሁ ውስጥ ካለ፣ አሰናብቱት።

ከዚያ በሩን ክፈቱና ለአንድ ሰው ስጡ፤ ለብዙ ሰው አይደለም። ኪንግ ሁልጊዜ በሐሳቡ የሚጽፍላት አንዲት አንባቢ አለችው፤ ታቢታ። የእናንተ አንባቢ አንብቦ ሲመልስ «ፈራህ?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ በይሉኝታ «አዎ» ይላችኋል። «ሰውየው ቃጭሉን ሰምቶ የተኛ ጊዜ ምን አሰብክ?» በሉት። «እኔም እተኛ ነበር» ካለ ወይም ጥያቄውን ለመመለስ ከተግደረደረ፣ ታሪኩ ሠርቷል። «የትኛው ሌሊት?» ካላችሁ ደግሞ ወደ ደረጃ 3 ተመልሳችሁ ያንን ትዕይንት እንደገና ጻፉት።